ቀድማ የምትቀምሰው ሴት

እትዬ ሙሉነሽን ይቅር በያት ይሉኛል። አልልም። በፋሲካ ሰሞን ንፋስ መውጫ ስገባ መምሬ ቀለመ ወርቅ መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ እጄን ሳይለቁ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ መምሬ» አልኳቸው። ሳቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ሙሉነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዛሬም ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ያችኑ ሱቋን ከፍታ ትውላለች። መምጣቴን በሰማች ቁጥር ለልጄ አንድ እሽግ ብስኩት ትልካለች፤ እኔም ባመጣው እጅ እመልሰዋለሁ። ባለቤቴ ነገሩ አይገባውም። «አሁንስ አበዛሽው ሩታ፣ ብስኩት እኮ ነው!» ይለኛል። ብስኩት መሆኑን ማን ካደ? ታሪኩ ካልተነገረ ግን እኔ ክፉ፣ እሷ ቸር ሆነን ልንቀር ነው፤ ያን ደግሞ ሆዴ አይችለውም።

እናቴ ስትሞት እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወንድሜ ዳግም ገና አፉን መፍታቱ ነበር። አባቴ አንተነህ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ሳምንቱን ስማዳ ወርዶ ይሰነብታል። ስለዚህ የያዘችን እትዬ ሙሉነሽ ነበረች። ሱቅ ያላት ሴት ድስት ጥዳ ምን አደከማት? ጠዋት ዳቦ በሻይ ነው፤ ሻዩ ከስኳሩ ብዛት ከንፈር ያጣብቃል። ምሳ ፓስታ በዘይት፤ እሱም ላይ ስኳር እንነሰንስበታለን። ማታ የጠዋቱ ይደገማል። በመሃል ብስኩት፣ ከረሜላና ሚሪንዳ አለ። «ጎመን የቸገረው ሰው ምግብ ነው፤ የእኔ ልጆች ምን ጎደለባቸው?» ትል ነበር ደረቷን ነፍታ። የክፍሌ ልጆች ቆሎና ቅቅል ድንች በፌስታል ቋጥረው ሲመጡ፣ እኔ የብስኩት ወረቀት እያንኮሻኮሽኩ እጎማለልባቸው ነበር። ከእኛ በላይ የታደለ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የዚያን ጊዜ ፎቶ አለን። የዳግም ከንፈር ከጥርሱ አይለይም፤ እንደዚያ ነጥቷል። ጉንጩ ሞላ ያለ ስለነበር ግን ያየው ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮበታል!» ነበር የሚለው።

ሦስተኛ ክፍል በገባሁ በመስከረም አባቴ ዓለምወርቅን አግብቶ አመጣት። የእስቴ ሰው ናት። አባቴ እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ለሥልጠና ሄዶ ነው የተዋወቁት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፣ ዝውውሯንም አስጨርሳ መጣች። ከሚኒባስ ስትወርድ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ከረጢት ሙሉ ተልባ ይዛ ነበር። ተልባ ተሸክማ የመጣች ሙሽራ አይቼ ስለማላውቅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ናቅኋት።

በዚያው ቀን ሱቁ ውስጥ ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጬ ከረሜላዬን ስመጥ፣ እትዬ ለጎረቤታችን ለፍቅርተ ስታወራ ሰማሁ።

«እኔን ሳያማክር! እኔ ስንት ነገር አስቤለት! ይችን የእስቴ ሴት በመጣችበት መኪና ሳልመልሳት ብቀር ሙሉነሽ አይደለሁም።»

«ልጆቹ ቢለምዷትስ?» አለች ፍቅርተ።

«ልጆቹማ በእጄ ናቸው።»

ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። እናት የሌላት ልጅ እንዲህ ሲባልላት የሚታያት እቅፍ ነው። እትዬ ለአባቴ ያሰበችለት የባሏን የአለሙን እህት እንደነበር፣ በእሷም በኩል የወንድሟን ቤት እንደ ሱቋ ልትከፍትና ልትዘጋው እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዓለምወርቅን ዛሬ እቴቴ ነው የምላት፤ ክፉዋን የሚያነሳብኝ ሰው ካለም ይሞክረኝ። ያን ጊዜ ግን «ሴትዮዋ» ነበር ስሟ። ሴትዮዋ በገባች በሳምንቱ ስኳሩ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሻይ ከምግብ ጋር መጠጣት ቀረ። ፓስታ የእሁድ ብቻ ሆነ፤ እሱም በምስር ወጥ። በቦታው የገብስ ቅንጬ፣ ጎመን በድንች፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ እንቁላል ገባ። አትቆጣም፣ አትማታም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይሄ ነበር። «አንድ ጊዜ ቅመሱት። ካልጣማችሁ ተዉት፤ ሌላ ቀን ደግሞ እንሞክረዋለን» ትላለች። እንተወዋለን። በማግስቱ ያው ጎመን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ምስሩን ፍርፍር ውስጥ ደብቃ ስታቀርብ፣ እኔ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ትሪው ጠርዝ ላይ እደረድርላታለሁ። ዳግም እኔ የማደርገውን ሁሉ ስለሚያደርግ እሱም ይለቅማል። አንድ ጊዜ ባቄላ እንዲፈለፍልላት አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ደስ ብሎት ሲፈለፍል ቆየና ጥቂቱን ወደ አፉ ላከ። ቆንጥጬ አስለቀስኩት።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን መቅመሷ ነበር። ትሪው መሃል ተቀምጦ፣ እጃችንን ታጥበን ልንጀምር ስንል፣ እጇን ትሰድና ከእኔ ፊት አንድ ጉርሻ ታነሳለች። ቀስ ብላ ታኝካለች፣ ትውጣለች። ከዚያ ከዳግም ፊት ታነሳለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ብርዱ እየገባ እንኳን በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። «በሉ እንግዲህ ብሉ» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ከልጅ ድርሻ ላይ ቀንሳ የምትበላ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ምግቡን አልወደውም፤ የእኔ መሆኑን ግን እወዳለሁ። ሆዳም አልኳት።

ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ሠርግ ላይ አይቻለሁ። ለምን እንደሚያደርገው ግን የነገረኝ አልነበረም። በሰፈሩ «እንጀራ እናታቸው መድኃኒት እያደረገችባቸው ነው» የሚል ወሬ መግባቱን፣ ወሬው ከየትኛው ሱቅ እንደወጣ፣ እቴቴም በሩን ከፍታ መንገደኛ እያያት ቀድማ የምትቀምሰው ለዚያ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? እሷ በየቀኑ ምግቡ ንጹሕ መሆኑን ትምላለች፤ እኔ በየቀኑ ሆዳምነቷን እታዘባለሁ።

ለእኛ እትዬ ነበረችልን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በሱቁ የጓሮ በር ታስገባንና ብስኩቱን በሚሪንዳ ታቀርብልናለች። «ብሉ የእኔ ዓለሞች። ሆዳችሁ ከሞላ እዚያ ቤት አትበሉም። አትብሉላት! ምን እንደምትጨምርበት ማን ያውቃል?» ትለናለች። አፋችንን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትሸኘናለች። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግረን ትሪው ፊት ከንፈራችንን ነክሰን እንቀመጣለን። ሴትዮዋ ያልተነካውን ምግብ ስታነሳ ፊቷን ማየት ከሚሪንዳው ይበልጥ ይጣፍጠኝ ነበር።

አንድ ቀን የዳግምን ሱሪ ስታጥብ ከኪሱ የብስኩት ወረቀት አወጣች። አባቴ ከስማዳ ሲመለስ ፊቱ ይዛ ቆመች።

«አንተነህ፣ እህትህን አንድ ነገር በላት።»

«ሙሉነሽ እኮ እናታቸው ስትሞት ያነሳቻቸው ናት። በልጆቼ ላይ ክፉ አታስብም። አንቺ ደግሞ ገና መምጣትሽ ነው፤ ነገር አታብዢ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨመረችው። ተሸነፈች ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ዝም ያለችው በደንብ ልታስብበት ነው።

ዳግም አፈር ይበላ ነበር። ከአልጋው ኋላ ያለውን የጭቃ ግድግዳ በጥፍሩ እየፋቀ ይልሳል። «ርቦት ግድግዳ ይበላል» ብዬ ለእትዬ ነገርኳት። ደረቷን ደቃች፤ ወዲያው ደግሞ ፍቅርተን ልታስጠራ ሰው ላከች። ግድግዳው ላይ ያለው ጉድጓድ ግን ሴትዮዋ ከመምጣቷ በፊት የተጀመረ ነው፤ የያዘችን እትዬ በነበረችበት ጊዜ። እቴቴ ስትጠርግ አይታው ጤና ጣቢያ ወሰደችው። «ደሙ ወርዷል» አሉ ተብሎ ሲወራ እኔ ወለሉ ላይ የፈሰሰበትን ስፈልግ ነበር። ደም ማነስ ነው። የሰጡት ብረት ያለበት ሽሮፕ ጥርሱን አጠቆረበት፤ እንደዚያ ማድረጉ የተለመደ መሆኑን ዛሬ ማንም ያውቃል። እትዬ ግን አፉን እየከፈተች ለገበያተኛው ሁሉ ታሳይ ጀመር። «እዩልኝ! ጥርሱ ከሰል ሆነ! ውስጡማ ምን ሆኖ ይሆን?»

ከዚያ እሬቱን ሰጠችኝ። እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት ነው፤ በጣቴ ጫፍ ቀምሼው ምላሴን በቀሚሴ ጠረግሁ። «ከፊትሽ ባለው ላይ ገልብጭበት። ሁለተኛ ከድርሻሽ ላይ እጇን አትሰድም። እኔም መጥቼ አያለሁ» አለችኝ ብልቃጡን በእጄ እያስያዘች። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ «ልጆቹን ልያቸው ብዬ ነው» እያለች ፍቅርተን አስከትላ ገባች። «እንብላ» ሲባሉ «በልተናል» ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሴትዮዋ የእጅ ውሃ ልታመጣ ወጣ ስትል ብልቃጡን አውጥቼ ፊቴ ያለው ጎመን ላይ ደፋሁት። ተመልሳ አስታጠበችን። የእኔ ጣቶች ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ እሬት ጣት ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወደ እኔ ፊት እጇን ሰደደች፣ ጠቀለለች፣ ጎረሰች።

ዓይኗ ውሃ ሞላ። የአንገቷ ሥር ተገተረ። እትዬ ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት፤ አፏም ተከፍቷል። ሴትዮዋ አኘከች። ዋጠች። ከዚያ ትሪውን አዞረችና በእኔ ፊት የነበረውን ወደ ራሷ አደረገችው። «በዚህ በኩል ያለው ጎመን ትንሽ መሮታል፤ እኔ እበላዋለሁ» አለች። ጉርሻ በጉርሻ ጨረሰችው። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ቀና ብላ፣ «ሌላ ጊዜ እንኳን አብራችሁን ብሉ» አለቻቸው።

ተናድጄ ላብድ ደረስኩ። እሬት እንኳን የማይመልሰው ሆድ! ያን ቀን ሆዷን ይዛ ጓሮ ስትመላለስ ዋለች፤ እኔም መስኮት ላይ ሆኜ ሳቅሁባት። ፍቅርተ በሌላ ነገር ከእትዬ ጋር ተጣልታ ጉዱን የዘረገፈችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሴትዮዋ ብትተፋው ኖሮ እትዬ «ያስገባችውን መርዝ ራሷ ተፋችው!» ብላ ሰፈሩን ልትጠራ ነበር። ፍቅርተ ምስክር እንድትሆን ነው የመጣችው። እቴቴ ይህ ገብቷት ነው የዋጠችው፤ ቀሪውን የጨረሰችው ደግሞ እኔና ዳግም እንዳንነካው ነው። እኔን ሕፃኗን መሣሪያ አድርጋ ያሰለፈች ሴት ዛሬ ብስኩት ትልክልኛለች።

በኅዳር ዳግም የመዋዕለ ሕፃናት ሰልፍ ላይ ወደቀ። ባንዲራ እየተሰቀለ ሳለ ጉልበቱ ከዳው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ጠዋት ቁርስ አልበላንም፤ እትዬ በደጇ ስናልፍ ጠርታ የሰጠችንን ከረሜላ ይዘን ነበር የሄድነው። መምህርቷ አቅፋው ወደ ቤት ስትሮጥ እትዬ ከሱቋ ወጥታ አስፋልቱ መሃል ነጠላዋን ጣለች። ከወልድያ የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ቆመ። «ኡ ኡ! የወንድሜን ልጆች ጨረሰቻቸው! ኧረ የሰው ያለህ!»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ በቤታችን ተቀመጠ። መምሬ ቀለመ ወርቅ የአባቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው። ከጎናቸው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሌ አሉ። እትዬ ጥቁር ለብሳ፣ ባሏን አለሙን አጠገቧ አድርጋ፣ ዳግምን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታለቅሳለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ከአንጀት ሳታለቅስም እንባ አይቸግራትም። «ልጆቹ ይሰጡኝ። እሷም ወደ እስቴዋ ትሂድ። ሌላ የምጠይቀው የለም» አለች።

አባቴ አንገቱን ደፍቷል። «ለጊዜው… ልጆቹ እህቴ ጋ ቢሆኑ…» ሲል ሰማሁት። ልቤ ዘለለ። ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ በሩ ኋላ ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ። ዳግም በዚያ ቀን አስፋልቱን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወንድም አይኖረኝም ነበር ብዬ አምናለሁ። ደሙ ከዚያ በላይ የሚወርድበት ቦታ አልነበረውም። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ከጆንያዎቹ ኋላ ያለው የከረሜላ ካርቶን ነው።

ሴትዮዋ ከማዕዘኑ ተነሳች። «መምሬ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልለምን። ከመፍረድዎ በፊት ሩታን ይጠይቋት።»

ሞኝ ናት አልኩ በልቤ። ሰው ጠላቱን ምስክር አድርጎ ይጠራል? እኔ ይችን ቀን ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

«ነይ ልጄ» አሉ መምሬ። «እግዚአብሔር ያያል። በዚህ ቤት ምግብ ትከለከላላችሁ?»

መሃል ላይ ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። «የሚበላ ነገር የለም፣ መምሬ። የምትሰጠን ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስርና እንቁላል ብቻ ነው።»

ጋሽ ደምሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንቁላል?»

«በየቀኑ!» አልኩ በምሬት። «ወተትም አለ። ሻይ ግን ትከለክለናለች።»

«ታዲያ ሳትበሉ እንዴት ትውላላችሁ?» አሉ መምሬ።

ወደ እትዬ አየሁ። እንዴት ልታመሰግነኝ እንደሆነ እያሰብኩ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «እትዬ ባትኖር በረሃብ እንሞት ነበር! ከትምህርት ቤት ስንመጣ በጓሮ በር አስገብታ ብስኩትና ሚሪንዳ የምታበላን እሷ ናት። ሆዳችሁ ከሞላ እዚያ ቤት አትበሉም፣ አትብሉላት ትለናለች። እኛም አንበላም! ዳግም የወደቀ ቀንም ከረሜላ ሰጥታናለች። እሬቱንም የሰጠችኝ እሷ ናት። ምግቡ ላይ ደፋሁባት፤ ግን ሴትዮዋ ሆዳም ስለሆነች ዋጠችው።»

መምሬና ጋሽ ደምሌ ተያዩ። በሴትዮዋ ክፋት ደንግጠው መስሎኝ አንዱን ካንዱ እያየሁ ጠበቅሁ። አለሙ ሚስቱ አጠገብ ከነበረበት ፈቀቅ አለ። አባቴ ተነስቶ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ዳግምን ከእህቱ ጭን አንስቶ አቀፈው።

«አስጠንታት ነው!» ጮኸች እትዬ። «ልጅ ናት፣ ያሏትን ትላለች!»

«እኔን ሴትዮዋ እያለች የምትጠራ ልጅ?» አለች ዓለምወርቅ ረጋ ብላ። «ከእኔ ትምህርት የምትቀበል ቢሆንማ ጎመኑን በበላችልኝ።»

ጋሽ ደምሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ይስቁ የነበረ ይመስለኛል።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እቴቴን ለምን እንዳስጠራችኝ ጠይቄያታለሁ። «እንደምትጠዪኝ አውቅ ነበር» አለችኝ። «የምትወጂኝ ብትሆኚ ማን ያምንሽ ነበር? ደግሞ ስትናደጂ ሁሉንም ትዘረግፊዋለሽ፤ ምንም አታስቀሪም።» የአባቴ እህት በእኔ ስታጠምዳት ከርማለች፤ እሷም በእኔው አጠመደቻት።

መምሬ መስቀላቸውን አነሱ። «ሙሉነሽ፣ በድለሻል። በዳይ ይክሳል። ዓለምወርቅ፣ ካሳሽን ተናገሪ።»

አለሙ ፈጠን ብሎ፣ «ሙክት በግ አለኝ፤ ዛሬውኑ አመጣለሁ» አለ።

«በግ አልፈልግም» አለች እቴቴ። ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋ ሲጠነክር ያን ቀን ገና ሰማሁት። «መምሬ፣ እኔ በገዛ ቤቴ እንደ መርዘኛ በሬን ከፍቼ ስቀምስ ከርሜያለሁ። ካሳዬ ይሄ ነው። እትዬ ሙሉነሽ የልጁ ደም እስኪመለስ ድረስ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሱቃቸውን ዘግተው ይምጡ። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይብሉ። ቀድመው የሚቀምሱትም እሳቸው ይሁኑ።»

እትዬ «ከዚህስ በጉን ልስጥ፤ በሬም ቢሆን ልስጥ!» አለች። መምሬ ግን «ፍርዱ ጸንቷል» ብለው ተነሱ። ሰዎች ዛሬ ይህን እርቅ ይሉታል፤ እቴቴንም አዛኝ ናት እያሉ ያመሰግኗታል። እኔ ግን ከእሷ ጋር ስለኖርኩ አውቃለሁ፤ ያ በቀል ነበር፣ ያውም ከላይ እስከ ታች የታሰበበት። ሌላ ብልሃትም አለበት። እኛ የምንከተለው እትዬን ብቻ መሆኑን አይታለች፤ ስለዚህ እሷኑ ጎትታ ትሪያችን ላይ አስቀመጠቻት። ዳግም ለጥምቀት ከንፈሩ ቀልቶ ታቦት ሊሸኝ እስኪሮጥ ድረስ እትዬ አንድም ምሳ አልቀረችም።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ የሱቁ በር ሲዘጋ ሰማን። በምሳ ሰዓት ተዘግቶ የማያውቅ ሱቅ ነውና ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ወጣ። እትዬ የክት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ማንንም ሳታይ አስፋልቱን ተሻገረች። ፍቅርተ እንኳን ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ቆም ብሎ አያት።

እቴቴ በትህትና አስታጠበቻት። ጎመን በድንች፣ የባቄላ ወጥ፣ ለዳግም የተቀቀለ እንቁላል ነበር። በሩ እንደ ወትሮው ወለል ብሏል። «ይቅመሱልን እንጂ፣ እትዬ። ልጆቹ እየጠበቁ ነው።»

እትዬ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። መርዝ አለበት ያለችኝ እሷ ናት፤ ወድቃ የምትንፈራገጥ መስሎኝ ዳግምን ወደ ራሴ ጎተትኩት። አልወደቀችም። ከዳግም ፊትም አንስታ ጎረሰች፤ ዋጠች። አሁን እጇን ትሰበስባለች ብዬ ስጠብቅ ማንም ሳያዛት እጇ ተመለሰ። ድንቹን በጎመን ጠቅልላ ጎረሰች። ከዚያ ባቄላውን። ለካ እሷም እንደ እኛው በዳቦና በሻይ ነበር የምትኖረው፤ ትኩስ ምግብ ከበላች ስንት ጊዜዋ።

«ይጣፍጣል እንዴ?» አልኳት።

«እ… ደህና ነው» አለች አፏ ሞልቶ፤ ጣቷን ላሰች።

ከንፈሬን ነክሼ የተነሳሁበት ምሳ ሁሉ፣ ዳግምን የቆነጠጥኩት፣ የለቀምኩት ምስር ሁሉ አንድ ላይ ትዝ አለኝ። እኔ ለእሷ ብዬ አልበላም ስል ከረምኩ፤ እሷ ቁጭ ብላ ትበላለች! እጇ ዞሮ ወደ እኔ ፊት ሲመጣ በእጄ መለስኩት። «ይሄ የእኔ ነው» አልኳት። ጎረስኩ። ጎመኑ ይምረር ይጣፍጥ አላወቅሁም፤ ደግሜ ጎረስኩ። ዳግም ቀና ብሎ አየኝና እሱም በሁለት እጁ ጀመረ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ያንቅሻል» አለች እትዬ።

ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔና ወደ ዳግም ሳብኩት። እቴቴ ጭልፋውን ይዛ ከኋላችን ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ ጨመረችልን። የጨመረችውንም በላሁ። ርቦኝ አልነበረም። ለእትዬ ሙሉነሽ ምንም እንዳይተርፍ ነው የበላሁት።